ዘንድሮ በእግሬ መጣሁ

እመቤቴ ያደረገችልኝን ልመስክር።

ሕክምና ስጨርስ ጸሎቴ አንድ ነበር፤ ቀዶ ሐኪም መሆን። ዕጣ ሲወጣ በሰሜን ተራሮች በኩል ያለ ትንሽ ሆስፒታል ደረሰኝ። አለቀስኩ። ማታ ማታ «እመቤቴ፣ ከዚህ አውጪኝ» እል ነበር።

አንድ ሌሊት ስምንት ወንዶች አንዲት እናት በቃሬዛ አመጡ። ቤቷ ወልዳ የእንግዴ ልጁ አልወጣ ብሏታል። ሰባት ሰዓት ሙሉ ተሸክመዋት ነው የመጡት። ቃሬዛው ላይ የተነጠፈው ጋቢ በደም ርሶ ከብዷል። የእንግዴ ልጁን በእጄ አወጣሁ። ማኅፀኗ እንዲኮማተር ኦክሲቶሲን ሰጠናት። ደሙ አልቆመም። ፍሪጁ ውስጥ ያለው አንድ ከረጢት ደም ብቻ ነው። አንድ እጄን ከውስጥ፣ አንዱን ከሆዷ ላይ አድርጌ ማኅፀኗን ጨምቄ ያዝኩ። «ማርያም፣ ማርያም» አልኩ። አዋላጇም አለች፣ ውጭ የቆሙትም አሉ። ክንዴ ደንዝዟል። በመጨረሻ ማኅፀኗ እጄ ሥር እንደ ድንጋይ ሲጠነክር ተሰማኝ። ደሙ ቆመ። መድኃኒቱም ሠርቷል፣ አውቃለሁ። እመቤቴም ደርሳልናለች።

ሲነጋ አማቷ እጄን ሳሙኝ። «ልጄ፣ አምና ሌላዋን ምራቴን በዚሁ ቃሬዛ ስናመጣ ወንዙ ጋ አረፈችብን» አሉ።

ያ ቃል እንቅልፍ ነሳኝ። የኔ እጅ ምንም ቢሠለጥን ወንዙ ጋ አይደርስም። እናቶችን የሚገድሉትን ሦስቱን መዘግየቶች ለፈተና ሸምድጃቸው ነበር፦ ለመውጣት መወሰን፣ መንገዱ፣ ከደረሱ በኋላ የሚጠብቁት። አዲስ አበባ የምትወልድና ተራራ ላይ የምትወልድ እናት የሚለያዩት እዚያ ላይ ነው። ይሄ ደግሞ ፍትሕ አይደለም!

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹን ተከትዬ ቀበሌ ለቀበሌ መዞር ጀመርኩ። ፕሮግራሙ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሴቶችን መድቧል፤ የትኛዋ ቤት እርጉዝ እንዳለች ከኔ በላይ ያውቃሉ። ኋላ የሕብረተሰብ ጤና ልማር ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። መጀመሪያ የጤና ኮሌጅ ሆኖ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን ለገጠሩ ለማሠልጠን ነበር። «አውጪኝ» የሚለውን ጸሎት መቼ እንደተውኩት አላስታውስም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለሥራ ወደዚያው ሄድኩ። የእናቶች ማቆያው በገንፎ ሽታ ታውዷል። በሩ ላይ ያቺው እናት ቆማለች፣ ሆዷ ገፍቷል። የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነግራት ቀኗ ሳይደርስ ቀድማ መጥታለች።

«ዶክተር» አለችኝ፣ «ዘንድሮ በእግሬ መጣሁ።»