እማዬን ቺካጎ ዲፕ ዲሽ ፒዛ ቤት ወስጄ የደረሰብን፣ እናንተ እንዳትደግሙት

ይሄን የምጽፈው አንድ ሰው አስቀድሞ ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስካሁን ስለሚቆጨኝ ነው። ቺካጎ ስምንት አመት ኖሬያለሁ፣ ዲፕ ዲሽ ግን፣ ማለትም ጎድጓዳ መጥበሻ ላይ የሚጋገረውን ወፍራሙን ፒዛ፣ ከዛ በፊት የበላሁት ሁለቴ ብቻ ነው፣ እሱም ስራ ቦታ ሰው ያመጣውን ቺዝ ብቻ ያለበትን። የከተማው ሰው ራሱ አዘውትሮ የሚበላው ስሱን፣ በአራት ማዕዘን የሚቆረጠውን ፒዛ ነው፣ ጎድጓዳው እንግዳ ሲመጣ ነው የሚታሰበው። የኔ እንግዳ ደግሞ እማዬ ነበረች።

እማዬ ሐምሌ ላይ ከደሴ መጣች። ፍልሰታን አብረን ጾመን ከፈታን በኋላ ባለው ቅዳሜ "እስቲ የከተማችሁን ምግብ አሳዪኝ" አለችኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ይዣት ወጣሁ። ቅዳሜ ዳውንታውን በመኪና አትሂዱ፣ ሬድ ላይን የሚባለውን ባቡር ይዛችሁ ግራንድ ጣቢያ ውረዱ፣ በቃ። ኦሃዮና ዋባሽ ጥግ ላይ ያለውን ቤት፣ አይክ ስዌልና ሪክ ሪካርዶ በ1943 የከፈቱትን፣ የዚህ ፒዛ ነገር ሁሉ ተጀመረበት የሚባለውን፣ ከውጪ አሳየኋትና ሰልፉን አይተን ሌላ ቤት ሄድን። የሄድንበትን ስሙን አልጠራም።

እዛም ሰልፍ ነው። አንድ ሰአት ከምናምን ቆመን ከገባን በኋላ ፒዛው ለመጋገር 45 ደቂቃ ይፈጃል ተባልን፣ እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ለካ ብዙ ቦታ ሰልፍ ላይ እያላችሁ ኦርደር ይቀበሏችኋል፣ ቁጭ ስትሉ ፒዛው ሊደርስ ነው። እኛን በር ላይ ያለችው ልጅ አልነገረችንም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ይሄ ግን ምንም አይደል።

ትልቁ ነገር ኦርደሩ ላይ ነው። እማዬ ቆራቢ ናት፣ ይሄን ያዙልኝ። አስተናጋጁን ሶሴጁ የምን እንደሆነ ጠየቅኩት፣ "ጣሊያን ሶሴጅ ነው፣ የቤታችን ክላሲክ እሱ ነው፣ መጀመሪያ ከመጣችሁ እሱን ብሉ" አለኝ። እኔ ጣሊያን ሲል ቅመሙን የሚያወራ መሰለኝ። ሰፈሬ ካለው ሐላል ስጋ ቤት የበሬ ሶሴጅ ስለምገዛ ሶሴጅ ሲባል የሚመጣልኝ እሱ ነው፣ ደክሞኛል፣ እማዬም ርቧታል፣ እሺ አልኩ። አሜሪካን አገር ጣሊያን ሶሴጅ ከተባለና ሌላ ነገር ካልተጻፈበት አሳማ ነው። ስምንት አመት ኖሬ ይሄን አላውቅም ነበር።

ሌላው የማላውቀው አሰራሩን ነው። ሊጡን ጥቁር ብረት መጥበሻ ላይ ዘርግተው ጠርዙን ወደ ላይ ያወጡታል፣ ቺዙ ሊጡ ላይ ከስር ነው የሚነጠፈው፣ ስጋው ቺዙ ላይ፣ የተፈጨ ቲማቲሙ ከሁሉም በላይ። እሳት ላይ ብዙ ስለሚቆይ ቺዙ ከላይ ቢሆን ያርር ነበር። ሶሴጁን ደግሞ አንዳንድ ቤት እየቆራረጡ አይበትኑትም፣ እንደ ቂጣ አንድ ወጥ አድርገው ሙሉውን ያለብሱታል። የኛ እንደዛ ነበር። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ሲመጣ የሚታያችሁ ቀይ ቲማቲም ብቻ ነው፣ ልልቀመው ብትሉም አይለቀምም።

እማዬ አማትባ ጎረሰች። ትንሽ አላመጠችና "ውይ፣ እንስላል አለው እኮ" አለች ፊቷ በርቶ፣ እውነትም አለው፣ የዛ ሶሴጅ ዋና ቅመሙ የእንስላል ዘር ነው። አገሯን አገሯን ስላላት ደስ አለኝ። አንድ ቁራጭ ጨረሰች። ሁለተኛውን ሳወጣላት ከጎናችን ያለች ሴትዮ የኛኑ አስተናጋጅ "ፖርክ አልበላም" ስትለው ሰማሁ፣ እሱም ቶሎ ብሎ "እንደዛ ከሆነ ክላሲኩ አይሆንሽም" አላት። ለሷ ነገራት! እጄ ላይ የያዝኩት ማንሻ ከበደኝ።

ማናጀሩን ጠራሁት። ሜኑ ላይ ጣሊያን ሶሴጅ ይላል፣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል አለኝ። ኦቾሎኒ ያለበት፣ ስንዴ ያለበት፣ ስጋ የሌለበት ሁሉ ምልክት አለው፣ አሳማ የሚል ግን አንድም ቦታ የለም። ሌላ እንስራላችሁ ሲለኝ አስቡት፣ ሌላ 45 ደቂቃ። ከፍዬ ልውጣ ብዬ ነበር፣ ግን እማዬ "ምን ሆንሽ?" አለችኝ።

ዝም ማለት እችል ነበር። አልቻልኩም፣ ነገርኳት። ሹካዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች፣ አፏን በሶፍት ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች፣ ሶፍቱን አጣጥፋ ሰሀኑ ስር አደረገችው። "ሳታውቂ ነው ልጄ" ብቻ አለችኝ። ባቡር ላይ ቃል አልተናገረችም። በማግስቱ ቤተክርስቲያን ስንሄድ አልገባም ብላ ግቢው ውስጥ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማ አስቀደሰች፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ማታ ደሴ ላሉት የንስሐ አባቷ ደወለች፣ ያሉት የሷና የሳቸው ነው።

ያ ማናጀር እስካሁን ያናድደኛል፣ ከሱ በላይ ግን ራሴ። ስለዚህ ስትሄዱ "የምን ስጋ ነው?" አትበሉ፣ "ፖርክ አለው?" በሉ፣ ቃሉን ራሱን ጥሩት፣ አያሳፍርም። ፔፐሮኒም አብዛኛው አሳማ አለበት። ስፒናችና እንጉዳይ ያለው ከሶሴጁ አያንስም፣ ክላሲኩን ካልቀመሳችሁ አልበላችሁም የሚሏችሁን አትስሟቸው። ረቡዕና አርብ ደግሞ ቺዝ አስወጥቼ እበላለሁ አትበሉ፣ ቺዝ ከሌለው ሌላ ምግብ ነው፣ ሊጡም ብዙ ቦታ ቅቤ አለበት። አስተናጋጁ ለሁለት ሰው መካከለኛውን ይላችኋል፣ እኔ ትንሹን እላለሁ፣ አንድ ቁራጭ ያጠግባል። የተረፈውን ማይክሮዌቭ ውስጥ እንዳትከቱት፣ ሊጡ ጠፍር ይሆናል፣ መጥበሻ ላይ ከድናችሁ በዝግተኛ እሳት አሙቁት።

ልትመለስ ሳምንት ሲቀራት እማዬ ራሷ "ያ ነገር ያለ ስጋ አይሰሩትም?" አለችኝ። ጆሮዬን አላመንኩም። ሌላ ቤት ወሰድኳት፣ ሰልፍ ላይ እያለን አዘዝኩ፣ ፖርክ እንደሌለው ሶስት ሰው ጠየቅኩ። ሲመጣ እማዬ ወዲያው አልነካችውም። በሹካዋ ጫፍ ቲማቲሙን ገለጥ አደረገች፣ ስፒናቹን አየች፣ ቺዙን ወደ ጎን አለችው፣ እስከ ሊጡ ድረስ ወርዳ አየች። ከዛ አማተበች።