ሰማያዊዋ መብራት

አዳማ፣ ወደ አሰላ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ባለ አንድ ጋራዥ፣ 2008 ሞዴል ያሪስ ለምርመራ ገባች። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ነው፤ አስፋልቱ ከታች፣ ፀሐዩ ከላይ የሚለበልቡበት። ይዟት የመጣው ደላላው ሲሆን፣ ገዢው መምህር በባጃጅ ከኋላው ደረሰ። ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት፣ የሚስቱ ቤተሰቦች አሰላ ናቸው። 1.3 ሊትር ቤንዚን፣ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ፣ ከኋላ ሰፊ የዕቃ ቦታ። በወረቀት ሲታይ ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ምርጫ ማግኘት ይከብዳል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ገበያው ላይ ያለው እዚሁ ሲዞር የኖረ ስለሆነ፣ ደህና ያሪስ ተገኘ ብሎ ደላላ ሲደውል ሰው አይዘገይም።

ምርመራው የተሰጠው ለወጣቱ መካኒክ ነበር። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር አመሳከረ። በማግኔት ፓራፋንጎውንና ስፖርቴሎዎቹን ዳሰሰ፤ ግራ የኋላው ላይ ትንሽ ስቱኮ አገኘ፣ የቦዲው መሠረት ግን አልተነካም። የመሪና የእግር መገጣጠሚያዎቹን፣ ቴስቲናና ቦኮላውን፣ አወዛወዘ። ኮምፒውተር ሰክቶ የተመዘገበ ስህተት ፈለገ፣ አላገኘም። ቤንዚኑን የሚለኩሱትን አራቱንም ካንዴላ ፈትቶ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት፣ ለካ፤ በፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) 172፣ 170፣ 168፣ 171።

ስለዚህ ቁጥር አንድ ነገር እንበል፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የዚህ ሞተር የፋብሪካ መጽሐፍ ጤነኛውን 213 ፒኤስአይ ይለዋል። መጽሐፉ ግን የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ስላለች አየሩ በአምስት አንድ እጅ ገደማ የሳሳ ነው፤ እዚህ 175 አካባቢ ያነበበ ሞተር ጤነኛ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ14 ፒኤስአይ መብለጥ የለበትም። ልጁ ይህን ያውቃል፣ በትክክልም አንብቦታል። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነበር።

መኪናዋ የመጣችው ሞቃ ነበር። ደላላው ሆን ብሎ ከተማ ለከተማ ሲያዞራት ቆይቶ ይሁን፣ ወይ ከሩቅ መጥቶ፣ አይታወቅም። ልጁ ኮፈኑን ሲከፍት የራዲያተሩ ፋን እየዞረ ነው። «ይሄ ለምን አይጠፋም?» አለ።

«ለአዳማ ሙቀት ብለን ቀጥታ ከቁልፍ ጋር አገናኘነው። ቴርሞስታቱንም አስወጥተነዋል፣ ውሃው እንደ ልቡ ይዙር ብለን» አለ ደላላው፣ ውለታ እንደሚቆጥር ሰው።

ቴርሞስታት ውሃው እስኪሞቅ ድረስ የራዲያተሩን መንገድ ዘግቶ የሚያቆይ በር ነው። ልጁ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። በሞቃት ከተማ ግማሹ መካኒክ የሚያደርገው ነው፣ አዲስ ነገር አልሆነበትም። መምህሩም መሪው ላይ ተቀምጦ ክሩስኮቱን እያየ፣ «ይቺ ሰማያዊ መብራት ደስ ስትል፤ የኤሲ ናት?» ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም። መኪናዋ ጤነኛ ተባለች፣ ውሉ ተፈረመ።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። ቅዳሜ ጠዋት አምስት ሰው፣ ሻንጣና አንድ ኩንታል ጤፍ ተጭኖ፣ ኤሲ ተከፍቶ ወደ አሰላ ተነሡ። ዴራን አልፈው መንገዱ ወደ ኢተያ ሽቅብ ሲል ቀዩ የሙቀት መብራት በራ። መምህሩ ጥላ ፍለጋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ገፋ። ያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው ቴስታታውን (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን የሞተር ራስ) የጨረሰው። ሞተሩ መንኳኳት ጀመረ፣ ጉልበቱ ከዳ፣ ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ወጣ። ከሰዓት በኋላ በገመድ እየተጎተተች ያው ጋራዥ ገባች።

ዋናው መካኒክ መጀመሪያ ያደረገው መኪናዋን እስከ ማግስቱ ሳይነካ መተው ነበር። እሁድ ማለዳ ሞተሩ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ጣቱን አስገባ። የወጣው እንደ ቡና አተላ ያለ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ነው። ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠው ዱቄት ቅሪት! ከሱ ሥር ነጭ የውሃ ዝቃጭ። ለዓመታት ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ሲጠጣ የኖረ ራዲያተር እንዲህ ነው፤ ቀጫጭን ቱቦዎቹ ግማሹ ተደፍኗል።

ልጁን ጠራው። «ኮምፕሬሽኑን ድገመው።»

1ኛው 174፣ 4ኛው 170፤ 2ኛውና 3ኛው ግን 105 እና 110። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ሲሊንደሮች አብረው ሲወርዱ ነገሩ የፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጉዳይ አይደለም ማለት ይቻላል፤ ከቴስታታው ሥር ገብቶ ግፊቱንና ውሃውን የሚያሽገው ጋስኬት በመካከላቸው ያለው ድልድዩ ተቃጥሎ አንዱ ወደ ሌላው እየነፋ ነው። ቴስታታው ወርዶ ሲታይ እዚያው ቦታ ላይ ጥቁር መስመር ተጋድሞ ተገኘ። ሞተሩ ግን መታመም የጀመረው ያን ዕለት አልነበረም፤ የቆየ ውሃ የማጉደል ችግር ነበረበት። ጋስኬቱ በትንሹ ወደ ውሃ መንገድ ማስተንፈስ ሲጀምር ኮምፕሬሽን መለኪያ አይይዘውም፤ ያን ያህል ትንሽ ማስተንፈስ የሚታየው ውሃው ላይ ነው። ያኔ ሻጩ ዱቄቱን ጨመረ። ዱቄቱ ራዲያተሩን ደፈነ። ራዲያተሩ ሲደፈን ሞተሩ አሞቀ። ሲያሞቅ ቴርሞስታቱ ወጣ፣ ፋኑ ቀጥታ ተገናኘ። ከተማ ውስጥ ተረጋጋ፣ ለሽያጭም ደረሰ።

እዚህ ላይ ነው ሰማያዊዋ መብራት የምትመጣው። ያሪስና ቪትስ በዚህ ትውልዳቸው የሙቀት ጌጅ የላቸውም። ያላቸው ሁለት መብራት ብቻ ነው፤ ሰማያዊው ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ መሆኑን፣ ቀዩ ከልክ በላይ መሞቁን ይናገራል። በመካከል ያለውን ሰፊ ሜዳ ማንም አይነግርህም። ጤነኛ ሞተር ከተነሣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሰማያዊው ይጠፋል፣ ሞተሩ እስካልቀዘቀዘ ድረስም አይመለስም። ስምንት ሰዓት ላይ፣ አዳማ ውስጥ፣ ሞቆ የመጣ ሞተር ላይ ሰማያዊ መብራት እየበራ ከሆነ ሞተሩ የሥራ ሙቀቱን አላገኘም ማለት ነው። መምህሩ በዓይኑ አይቷት ነበር። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ የተመዘገበ ስህተት ብቻ አየ እንጂ ሞተሩ ሲሠራ በየሰከንዱ የሚለዋወጠውን ንባብ አልከፈተም፤ ከፍቶት ቢሆን የውሃው ሙቀት ከሥራ ሙቀቱ በታች ሲዋልል ያገኘው ነበር። የፈታቸው አራት ካንዴላዎችም ጥቀርሻ ለብሰው ነበር። ቀዝቃዛ የመሰለው ሞተር ቤንዚን እየጨመረ ሲሄድ እንዲህ ያጠቁራል፣ ፍጆታውም ይጨምራል፣ ዘይቱም በቤንዚን ይቀጥናል።

«ቴርሞስታት ማውጣት ያቀዘቅዛል» የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ ለመረዳት አይከብድም፤ ከተማ ውስጥ እውነት ይመስላልና። ዳገት ላይ ግን ብዙ ሞተሮች ላይ ይገለበጣል። ቴርሞስታቱ ሲከፈት በሌላ ጫፉ ራዲያተሩን የሚያልፈውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ከወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከሞተሩ የወጣው የጋለ ውሃ ገሚሱ ራዲያተር ሳያይ ተመልሶ ይገባል። ባዶ መኪና አዳማ ውስጥ በፍራንኮ ሰፈር ሲዞር ይችለዋል። አምስት ሰው ጭኖ፣ ኤሲ ከፍቶ፣ በተደፈነ ራዲያተር ሽቅብ ሲወጣ አይችለውም።

የራዲያተሩ ክዳንም ጉዳይ አለ፤ ለዚህ ከተማ ከየትኛውም በላይ የሚያስፈልግ ነገር ነው። አዳማ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 እስከ 95 ዲግሪ ነው። የዚህ ሞተር ፋን የሚነሣው ደግሞ 93 አካባቢ ነው። ደህና ክዳን ግፊቱን ስለሚይዝ ውሃው ከ115 በላይ ካልደረሰ አይፈላም። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ፋኑ ሊነሣ ሲል ውሃውን ያፈላዋል። ሰው ለፋን፣ ለፓምፕ፣ ለራዲያተር ገንዘብ ካፈሰሰ በኋላ ጥፋተኛው ክዳን ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የያሪሷም ክዳን የተሰነጠቀ ነበር።

ታዲያ ያን ቀን ምን መደረግ ነበረበት? መጀመሪያ ነገር ያን ቀን መመርመር አልነበረባትም፤ ሞቃ የመጣች መኪና አድራ በማግስቱ ነው የምትታየው። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ክዳኑን ከፍቶ የውሃውን መጠንና ቀለም ማየት። አተላ፣ ዝገት ወይም የዘይት ዓይን ካለ ጨዋታው አለቀ። ክዳኑ እንደተከፈተ አስነሥቶ አፉን መመልከት፤ በመጀመሪያው ደቂቃ ጥቂት አረፋ መውጣቱ ያለ ነው፣ ሳያቋርጥ እንደ ለስላሳ መጠጥ የሚንተከተክ ከሆነ ግን የሚወጣው የሲሊንደር ጋዝ ነው። ውሃው ሳይሞቅ በፊት ክዳኑን መልሶ መግጠም ይገባል፣ የተቃጠለ ፊት ለማንም አይበጅም። ከዚያ ታችኛውን የራዲያተር ቱቦ መያዝ። በዚህ ሞተር ቴርሞስታቱ በታችኛው ቱቦ በኩል ስለሆነ ቱቦው ለደቂቃዎች ቀዝቅዞ ቆይቶ ድንገት መሞቅ አለበት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ለብ እያለ ከመጣ ቴርሞስታት የለም ወይም ተከፍቶ ቀርቷል። ላይኛው ቱቦ ደግሞ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ጋስኬቱ እያስተነፈሰ ነው።

ሌላ ቀላል ፈተና አለ፣ አዳማ ላይ ማንም አይሞክረውም፤ ማሞቂያውን መክፈት። በዚህ ሙቀት ማሞቂያ የሚከፍት ሰው እንደ እብድ ይታያል። ነገር ግን ከአምስት፣ ስድስት ደቂቃ በኋላ የሚፋጅ አየር ካልወጣ ወይ ቴርሞስታቱ የለም፣ ወይ ማሞቂያው በዱቄት ተደፍኗል።

የመንገድ ሙከራውም ቢሆን በከተማ ዙሪያ የሚደረገው ዋጋ የለውም። ሞተሩ የሚናገረው ጭነት ላይ ነው። ባሕር ወለል ላይ 85 ገደማ የፈረስ ጉልበት ያለው ይህ ሞተር አሰላ ሲደርስ ሩቡን ያህል አጥቷል፤ ኤሲው ደግሞ ከቀረው ላይ ይወስዳል። ለዚህም ነው ባለ 1 ሊትር ሦስት ሲሊንደሯ ቪትስ ለከተማ ለብቻ ሰው ግሩም ሆና ሳለ፣ ለአምስት ሰውና ለአሰላ መንገድ የማትመከረው። ቪትስ የተነሣ እንደሆነ፣ በዚህ ትውልዷ ለጃፓን ገበያ በቀኝ መሪ የተሠራች ስለሆነች፣ ግራ መሪ ሆና እዚህ የምናያት መሪዋ የተዛወረ ነው፤ ከክሩስኮቱ ሥር ያለው ብየዳና የፍሬን ፔዳሉ አገጣጠም ሳይታይ አትገዛም።

ወደ ያሪሷ እንመለስ። ቴስታታው ላይ ቀጥ ያለ ብረት አስተኝተው በምላጭ መለኪያ ሲያዩት 0.12 ሚሊ ሜትር ጎብጧል፤ የሚፈቀደው 0.05 ነው። ቶርኖ ቤት ተልኮ ተላገ። እድል ሆኖ ሲሊንደሮቹ አልተፋቁም፤ የዚህ ሞተር ሲሊንደር ብረቱ ስስ ሆኖ አሉሚኒየም ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ ሰፍቶ አይሠራም። («ሞተሩ ተሰፍቶ ተሠርቷል» የሚል ያሪስ ሻጭ ሲገጥም ምኑ እንደተሰፋ መጠየቅ ጥሩ ነው።) አዲስ ጋስኬት፣ አሥሩ ቡሎን ከመሃል ወደ ዳር በ29 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ 90 ዲግሪ፣ ከዚያ እንደገና 90። አዲስ ራዲያተር፣ ክዳን፣ በ82 ዲግሪ የሚከፍት ቴርሞስታት፣ ግማሽ ለግማሽ የተበጠበጠ ኩላንት። የፋኑ ሽቦ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዘይቱም 3.7 ሊትር ከነፊልትሮው ተለወጠ።

ዕቃውን መምህሩ ቻለ፣ የእጅ ዋጋውን ጋራዡ ተወው። ደላላውማ ስልክ ማንሳት ካቆመ ሰንብቷል። ልጁን ማንም አልተቆጣውም፤ ዋናው መካኒክ የተቃጠለውን ጋስኬት ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቅሎት ዝም አለ።

መምህሩ መኪናዋን ተረክቦ ከወጣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስልክ ደወለ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፤ አንድ ነገር ረስታችኋል መሰለኝ። ያቺ ሰማያዊ መብራት ተቃጥላለች፣ ጠፍታ ቀረች።»