ሲ ድራይቭ ሲሞላ፦ ከ2 ጊጋባይት ወደ 40 ያደረስኩበት አካሄድ

ያጸዳሁት ላፕቶፕ 128 ጊጋባይት ኤስኤስዲና 8 ጊጋባይት ራም ያለው ነው። ዲ ድራይቭ የለውም፤ ያለው ሲ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ዲስኩን 119 ጊጋባይት ብሎ ያሳየዋል። የጎደለ ነገር የለም፤ አምራቹ በ1000፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥሩ የመጣ ልዩነት ነው። ማሽኑ ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 በተሻገረ በሳምንቱ ክፍት ቦታው 2 ጊጋባይት ላይ ወርዶ የድራይቩ መስመር ቀልቷል።

አንድም ፋይል ሳልነካ መጀመሪያ ለካሁ። ብዙ ሰው ማጽዳት የሚጀምረው ዴስክቶፕ ላይ ከተበተኑት የወርድ ፋይሎች ነው፤ መቶ የወርድ ፋይል ቢሰረዝ ግን የአንድ ፊልም ሩብ አይሞላም። ለመለካት ዊዝትሪን በቀኝ ክሊክ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ብዬ ከፈትኩ። ይህ ፕሮግራም ፎልደሮችን እየከፈተ አይቆጥርም፤ ዲስኩ የፋይሎቹን ስምና መጠን የያዘበትን መዝገብ በቀጥታ ያነባል፤ ሰከንዶች ይበቁታል። በአድሚኒስትሬተር ካልተከፈተ ግን መዝገቡን ማንበብ ስለማይፈቀድለት ይንቀራፈፋል፣ የተዘጉ ፎልደሮችንም ሳይቆጥር ያልፋል። ውጤቱ ይህ ነበር፦ ዊንዶውስ ኦልድ 18 ጊጋባይት፣ ዳውንሎድስ ውስጥ ያለው የቴሌግራም ፎልደር 13፣ የቴሌግራም ካሽ 4፣ ሪሳይክል ቢን 3። በአራት ቦታ ብቻ 38 ጊጋባይት።

ዊንዶውስ ኦልድ ከመሻገሩ በፊት የነበረው ዊንዶውስ ነው። አዲሱ ካልተስማማ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ለ10 ቀን ይቀመጣል፤ ከዚያ ራሱ ይጠፋል። ሳውንዱ፣ ዋይፋዩና ፕሪንተሩ በአዲሱ ላይ መሥራታቸውን ካረጋገጥኩ በኋላ ቀኑን አልጠበቅኩም። ፎልደሩን እንደ ተራ ፎልደር በዲሊት ልሰርዝ ቢባል ፈቃድ የለህም እያለ መሃል ላይ ይቆማል። ትክክለኛው መንገድ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ፣ ቴምፖራሪ ፋይልስ ገብቶ የቀድሞው ዊንዶውስ የሚለው ላይ ምልክት ማድረግ ነው። እዚያው ዝርዝር ውስጥ ግን ዳውንሎድስ የሚል መስመር አለ። ከቴምፖራሪ ጋር ተሰልፎ ስለሚታይ ሁሉንም ምልክት እያደረጉ የሚያልፉ ሰዎች የወረደ ሰነዳቸውን ሁሉ ያጣሉ። በኤስኤስዲ ላይ የተሰረዘን ፋይል መልሶ ማግኘት ደግሞ ከድሮው ሃርድ ዲስክ ይልቅ በጣም ከባድ ነው፤ ዊንዶውስ የተለቀቀውን ቦታ ለዲስኩ ያሳውቃል፣ ዲስኩም ራሱ ያጸዳዋል።

ቴሌግራም ሁለት የተለያዩ ቦታዎችን ነው የሚይዘው፤ ግራ የሚያጋባውም ይህ ነው። አንደኛው ካሽ ነው፦ ቻት ውስጥ እየተንሸራሸርን ሳለ በራሱ የሚከማቸው ፎቶና ቪዲዮ። እሱን ቴሌግራም ውስጥ ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ፣ ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ ገብቼ አጸዳሁ፤ እዚያው ከፍተኛውን መጠን 1 ጊጋባይት ላይ ገደብኩት። መልእክቶቹ አይጠፉም፤ ፎቶዎቹ ሰርቨር ላይ ስላሉ ሲነኩ እንደገና ይወርዳሉ። እንደገና መውረድ ማለት ግን ዳታ ነው፤ በሞባይል ፓኬጅ የሚጠቀም ሰው በየሳምንቱ ካሽ ባያጸዳ ይሻለዋል። ሁለተኛው እኛው ዳውንሎድ ብለን ያወረድነው ነው፤ ካሹ ቢጸዳም ይህኛው አይነካም። 13ቱ ጊጋባይት ፊልም፣ የትምህርት ቪዲዮና ሦስት ጊዜ የወረደ ያው አንድ ፒዲኤፍ ነበር። ስማቸው መጨረሻ ላይ በቅንፍ 1 እና 2 ያለባቸውን መፈለግ ድግግሞሹን ቶሎ ያወጣዋል፤ ከመሰረዝ በፊት ግን መጠናቸው እስከ ባይት ድረስ እኩል መሆኑን አይቻለሁ። በመጨረሻም አድቫንስድ ውስጥ ዳውንሎድ ፓዝ የሚለውን ወደ ኤክስተርናል ዲስክ አዞርኩት።

የሚቀመጡትን ወደ ኤክስተርናል ሳዛውር «ከት» አላደረግኩም። ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላ ዲስክ ከት ማድረግ ኮፒና ዲሊት አንድ ላይ ስለሆነ፣ ገመዱ መሃል ላይ ቢነቃነቅ የትኛው እንደተሻገረ ለመለየት ያስቸግራል። ኮፒ፣ ከዚያ በሁለቱም በኩል ፕሮፐርቲስ ከፍቶ የፋይሉን ብዛትና መጠን ማስተያየት፣ ሁለት ሦስቱን ከፍቶ ማየት፣ ከዚያ መሰረዝ። አንድ 5 ጊጋባይት የሆነ ፊልም ወደ ፍላሽ ኮፒ ሳደርግ በቂ ቦታ እያለ ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው ብሎ እምቢ አለ። ፍላሹ ፋት32 በሚባል የቆየ የፎርማት ዓይነት የተሠራ ስለሆነ ነው፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። በኤክስፋት ፎርማት ሲደረግ ችግሩ ይቀራል፤ ፎርማቱ በላዩ ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ ግን አይዘንጋ።

ዊዝትሪ ሃይበርፊል የሚባል 3.2 ጊጋባይት ፋይልም አሳይቶኛል፤ የራሙ 40 በመቶ ማለት ነው። ማሽኑ ሃይበርኔት ሲያደርግ ራም ላይ ያለውን የሚጽፍበት ነው። በአድሚኒስትሬተር በተከፈተ ኮማንድ ፕሮምፕት «ፓወርሲኤፍጂ ስላሽ ኤች ኦፍ» የሚለው ትእዛዝ ያጠፋዋል፤ ብዙ መመሪያም ዝም ብላችሁ አጥፉት ይላል። እኔ ተውኩት። መብራት ጠፍቶ ባትሪው ሲያልቅ ላፕቶፑ የተከፈተውን ሥራ የሚያተርፈው በዚሁ ፋይል ነው። ባትሪ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ ቢሆን ያለማመንታት አጠፋው ነበር፤ ማሽኑ ሲከፈት ትንሽ ይዘገያል።

ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ዊንኤስኤክስኤስና ኢንስቶለር የሚባሉ ግዙፍ ፎልደሮች አሉ፤ በእጅ አይነኩም። የመጀመሪያው ከመሰለው ያነሰ ነው፤ አንዱ ፋይል በሁለት ቦታ በሁለት ስም ስለሚታይ ሁለቴ ይቆጠራል። ሁለተኛው ከተሰረዘ ደግሞ ዛሬ ምንም አይታይም፤ ከወራት በኋላ አንዱን ፕሮግራም አፕዴት ላድርግ ወይም ላውጣ ሲባል እምቢ ይላል። ዊንኤስኤክስኤስን ለማቅለል ዲስክ ክሊንአፕን ከፍቼ «ክሊን አፕ ሲስተም ፋይልስ» ከዚያ «ዊንዶውስ አፕዴት ክሊንአፕ» አልኩ። አንድ ጊጋባይት ተኩል ገደማ ለቀቀ። መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ሊቀር ይችላል፤ እየሠራ ስለሆነ አይቋረጥ፣ ላፕቶፑም ቻርጅ ላይ ይሁን።

የተረፈው ጥቃቅን ነው። የዊንዶውስን ምልክት ከአር ጋር ተጭኖ ቴምፕ የሚለውን ቃል በሁለት የፐርሰንት ምልክት መሃል መጻፍ ቴምፕ ፎልደሩን ይከፍታል፤ ሁሉንም መርጦ መሰረዝ፣ በሥራ ላይ ነው ያለውን «ስኪፕ» ማለት። 700 ሜጋባይት። የብራውዘሩን ካሽ አልነካሁም፤ በሳምንት ይመለሳል። ሬጂስትሪ (የዊንዶውስን የቅንብር መዝገብ) እናጸዳለን የሚሉ ፕሮግራሞች ለዲስክ ቦታ የሚፈይዱት ነገር ስለሌለ አንዱንም አልጫንኩም።

ዊንዶውስ በራሱ የሚያጸዳበትን ስቶሬጅ ሴንስን አበራሁት፦ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ከ30 ቀን በላይ የቆየው ይጸዳ፣ ዳውንሎድስ ግን «ኔቨር»። ክፍት ቦታው አሁን ከ40 ጊጋባይት ትንሽ ይበልጣል፤ ከ12 በታች ሲወርድ ዊዝትሪን እንደገና እከፍታለሁ።