አፍልቼ ብጠጣውስ?

ሥራዬ የውሃ ናሙና መመርመር ነው። ይህን የሚያውቅ ዘመድም ጎረቤትም የሚጠይቀኝ ያው ነው፤ «አፍልቼ ብጠጣውስ?» የሚያሰጋው ጀርም ከሆነ አዎ፣ ይፍላ። አርሰኒክ፣ እርሳስ፣ ናይትሬት ወይም ፍሎራይድ ከሆነ ግን ማፍላት ነገሩን ያብሰዋል። ውሃው እየተነነ ይቀንሳል፤ ኬሚካሉ ድስቱ ውስጥ ይቀራል።

ይህን ስነግራቸው ወዲያው ወሬው ወደ ቤት ማጣሪያ ይዞራል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ስለ ወንዙ እናውራ እላለሁ። የተለመደው የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ የተሠራው ደለል ለማዝቀጥ፣ በአሸዋ ለማጥለልና በክሎሪን ጀርም ለመግደል ነው። በውሃው ውስጥ የሟሟ ኬሚካል ብዙውን ጊዜ በዚህ ሁሉ መሃል ሰተት ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ከጣቢያው በላይ፣ ወንዙ ከሚመጣበት በኩል ነው። እዚያ ምን ተከማችቷል? ምን ይረጫል? ምን ይደፋል?

እ.ኤ.አ. በጥር 2014 በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት የድንጋይ ከሰል ማጠቢያ ኬሚካል የያዘ ታንክ አፈሰሰና ኬሚካሉ ኤልክ ወንዝ ገባ። 300 ሺህ ለሚሆን ሰው የቧንቧውን ውሃ እንዳትጠጡ፣ እንዳትታጠቡበትም ተባለ። ታንኩ የቆመው የከተማው ውሃ ከሚቀዳበት ቦታ ሽቅብ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቀት ላይ ነበር። ታንክ ያረጃል፣ ያፈሳል፤ ያለ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ቦታው ነው። ለመሆኑ እዚያ ሲቆም ዝም ያለው ማን ነው?

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ደግሞ ፍሊንት የተባለችው የሚሺጋን ከተማ የውሃ ምንጯን ወደ ፍሊንት ወንዝ ቀየረች። አዲሱ ውሃ ቧንቧ የሚበላ ዓይነት ነበር። ይህን ለመከላከል ፎስፌት ይጨመራል፤ የቧንቧውን ውስጥ እንደ ቀለም ለብሶ ብረቱንና ውሃውን ይለያቸዋል። እነሱ አልጨመሩም። አሮጌዎቹ የእርሳስ ቧንቧዎች እየተበሉ ሰው ቤት ገቡ። እርሳስ ለሕፃናት አእምሮ ይህን ያህል ቢሆን ችግር የለውም የሚባልለት መጠን አልተገኘለትም።

እርሳስ በአብዛኛው የሚገባው ውሃው ከጣቢያው ከወጣ በኋላ፣ በመንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ናሙናው የሚቀዳው ከሰው ቤት፣ ጠዋት፣ ውሃው ቧንቧ ውስጥ ካደረ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ጋር ናሙና ልንቀዳ ወጣን። ሰዎቹ ቧንቧውን ከፍተው ውሃውን ደህና አድርገው አፈሰሱት፤ ከዚያ ጠርሙሱን ደገኑ። «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ብል «ቆሻሻው ይውጣ ብለን ነው» አሉኝ። እንግዲህ እኛ የምንፈልገው ያንኑ ቆሻሻ ነበር! በዚህ መልክ የተቀዳ ናሙና ውጤቱ ያምራል፤ ወረቀቱም ይፈረማል።

አንዳንዱ መርዝ ደግሞ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ከድንጋዩ ነው የሚመጣው። ባንግላዴሽ ውስጥ ሕፃናትን ከተቅማጥ ለማዳን ተብሎ በጣም ብዙ የእጅ ፓምፕ ጉድጓድ ተቆፈረ። ውሃው ጥርት ያለ ነበር፤ አርሰኒክ አለበት ብሎ የመረመረ ግን አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር ከ10 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይላል። እዚያ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ የሆነ ጉድጓድ ሞልቶ ነበር። ከመፍትሔዎቹ ሁሉ የምወደው ቀላሉን ነው። ጉድጓዱ ይመረመራል፤ አርሰኒክ ከበዛበት ፓምፑ ቀይ፣ ካልበዛበት አረንጓዴ ይቀባል። ማንበብ ለማይችልም ግልጽ ነው። አንዱ ጉድጓድ ተመርዞ የጎረቤቱ ደህና ሊሆን ስለሚችል ብዙ ሰው ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ዳነ።

ክሎሪንም ኬሚካል አይደለም ወይ የሚሉኝ አሉ። ነው። ውሃው ውስጥ ከበሰበሰ ቅጠልና ከመሳሰለው ጋር ሲገናኝ ጎጂ ውህዶች ይፈጥራል። መላው ክሎሪኑን መተው አይደለም፤ ያኔ ኮሌራ ይመጣል። ክሎሪን ከመጨመሩ በፊት ብስባሹን ማውጣት ነው።

ወደ ማጣሪያው ልመለስ። ሳትመረምሩ አትግዙ። የካርቦን ማጣሪያ ሽታና ብዙ ዓይነት ፀረ ተባይ ይይዛል፤ ናይትሬትና ፍሎራይድን ግን ያሳልፋል። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው፣ ውሃውን በግፊት በጣም ደቃቅ ወንፊት የሚያሳልፈው፣ ሁለቱንም በአመዛኙ ያስቀራል፤ ግን ብዙ ውሃ ይደፋል። የሁለቱም ማጣሪያ ክፍል በጊዜው ካልተቀየረ ዋጋ የለውም።

ናሙና ስታመጡልን ደግሞ እባካችሁ በለስላሳ ጠርሙስ አይሁን። ዕቃውን ከላቦራቶሪው ጠይቁ። ለእርሳስና ለሌሎች ብረቶች የሚሆነው አሲድ ይጨመርበታል፤ ለናይትሬት የሚሆነው ሌላ ነው፣ በረዶ ውስጥ ሆኖ ይመጣል። ከየትኛው ቧንቧ፣ በስንት ሰዓት እንደተቀዳም ጻፉበት።