ጠበቅ አድርገህ ጨብጥ

ከሐኪም ቤት ከተመለስን ሰዓታት አልፈዋል፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ።

ሐኪሙ ሁለት ጣቶቹን በአባቴ ቀኝ መዳፍ ውስጥ አስገብቶ «አባባ፣ እስቲ በደንብ ይጨብጡኝ» አላቸው። አባቴ ጨበጡ። ጨበጡ ልበል እንጂ ጣቶቻቸው በሐኪሙ ጣቶች ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተኝተው ቀሩ። ሐኪሙ «ጥሩ ነው» ብሎ ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጫረ። አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ። ሁለታችንም ምን እንዳስታወስን አውቃለሁ።

ሰባት ዓመት ሲሞላኝ አባቴ የወንድ ሰላምታ ሊያስተምሩኝ ወሰኑ። ማታ ከሥራ ሲገቡ በሩ ላይ ይቆሙና ቀኝ እጃቸውን ይዘረጋሉ። «ጠበቅ አድርገህ ጨብጥ! ዓይን ዓይኔን እያየህ!» እጨብጣለሁ። እሳቸውም ይጨብጣሉ፤ ቀስ በቀስ እየጨመሩ። የትንሿ ጣቴ አጥንት ከጎረቤቷ ጋር ሲፋተግ ይሰማኛል። ቀድሞ «በቃ» ያለ ተሸናፊ ነው፤ ፊቱን ያጨማደደም እንዲሁ። አንድ ማታ ዓይኔ ዕንባ አቀረረ። አልተቆጡም፤ አልመቱኝም። እጄን ለቀቁና እኔ የሌለሁ ይመስል ለእናቴ «ይህ ልጅ ወንድ አይወጣውም» አሏት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜዬን ያቺን ቃል ለማስተባበል ነው የኖርኩት ብል ብዙም አላጋነንኩም። ጥርሴ ሲነቀል ማደንዘዣ አልፈልግም ብያለሁ (ጅልነት ነው፤ አሁንም ሳስበው መንጋጋዬን ያመኛል)። ከሥራ የተሰናበትኩ ጊዜ ሁለት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ሸሚዜን ተኩሼ፣ ቦርሳዬን ይዤ እወጣ ነበር። ባለቤቴ አታውቅም ነበር። ቀኑን ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ያገኘሁትን ሳነብ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 ከ100 ሺህ ወንዶች 12.6፣ ከ100 ሺህ ሴቶች ደግሞ 5.4 ያህሉ ራሳቸውን እንዳጠፉ ማስላቱን አየሁ። እኔ እዚያ ድረስ አልደረስኩም። ግን ገጹን ቶሎ አልገለጥኩትም። የዚያኑ ዕለት ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት።

ልጄ የተወለደ ቀን አባቴ ጠቋሚ ጣታቸውን መዳፉ ላይ አኖሩ። ጭምቅ አድርጎ ያዛት። «አያያዙን እዩልኝ! ይህስ ወንድ ነው!» ብለው ክፍሉን በሳቅ ሞሉት። አዲስ የተወለደ ሕፃን ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ መዳፉን የነካውን ነገር ሳያስበው እንደሚጨብጥ፣ ይህም ስድስት ወር ገደማ ሲሞላው እንደሚጠፋ ያወቅሁት በኋላ ነው። ለአባቴ አልነገርኳቸውም። ምን ያደርግላቸዋል?

ይልቅ የሚያሳፍረኝ የራሴ ነው። ባለፈው ዓመት ልጄ ከደረጃ ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ። ሮጬ ሄድኩ፤ አነሳሁት፤ ከዚያ «ወንድ አይደለህም እንዴ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድምፁ የአባቴ ነበር፤ አፉ ግን የእኔ። ልጄ የታችኛውን ከንፈሩን ነክሶ ዕንባውን ወደ ውስጥ መለሰው። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ ከውስጥ በኩል ግን እንጂ ፊት ለፊት አይቼው አላውቅም ነበር።

በ17 አገሮች ወደ 140 ሺህ የሚጠጉ ጎልማሶችን የተከታተለና በፈረንጆቹ 2015 የታተመ ጥናት፣ የእጅ ጭብጥ ኃይል በ5 ኪሎ ባነሰ ቁጥር በክትትሉ ዓመታት የመሞት ዕድል በ16 በመቶ ከፍ ብሎ መገኘቱን ይገልጻል። አባቴ በስትሮክ ከታመሙ ወዲህ ሳገላብጥ ያገኘሁት ነው። ደህና ቢሆኑ ኖሮ «አላልኩህም?» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ያነበብኩትን ትቼ የእሳቸውን ኪሎ በሐሳቤ መቀነስ ጀመርኩ።

እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገርኩት አንድ ነገር አለ። ያቺን በር ላይ የምንጨባበጥባትን ሰዓት እፈራት ነበር፤ እጠብቃትም ነበር። የጫማቸውን ኮቴ ስሰማ እጄን በሱሪዬ ጠርጌ ቀድሜ እቆም ነበር። መዳፋቸው ሰፊ ነው፤ ይሞቃል። አባቴ የሚነኩኝ ያኔ ብቻ ነበር። ዛሬ በመኪና ስንመለስ መንገዱን እያዩ «የእኔ አባት እኮ እጄን ጨብጠውኝ አያውቁም» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። እኔም ምን እንደምመልስ ጠፍቶኝ መሪዬን ጨበጥኩ።

እንቅስቃሴ የሚያሠሯቸው ባለሙያ የሰጧቸው የስፖንጅ ኳስ አለች። በቀን ሦስት ጊዜ ሃያ ሃያ ጊዜ መጭመቅ አለባቸው። ማታ ልጄ እግራቸው ሥር ተቀምጦ ይቆጥርላቸው ጀመር። ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ እጃቸው መንቀጥቀጥ ያዘ፤ ጥርሳቸውን ነክሰው ቀጠሉ። አሥር። አሥራ አንድ። ልጄ አንቱ ማለትን ገና አልለመደም።

«አይዞህ አያቴ» አላቸው፤ «ካመመህ ተወው፣ ነገ እንቆጥራለን።»

አባቴ ቀና ብለው ወደ እኔ አዩ። ፈቃድ የሚጠይቁ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ኳሷን ቀስ ብለው ጭናቸው ላይ አኖሯት።