ግሪኑን የምንበሳበት ሳምንት

ዛሬ ከሥራ የገባሁት አሸዋ በአሸዋ ሆኜ ነው። ነሐሴ ሲጋመስ ሁሌም እንዲህ ነው። እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ጎልፍ ሜዳ ላይ ስሠራ 7 ዓመት ሆነኝ። ከዓመቱ ሥራ ሁሉ እንደዚህ ሳምንት የምወደው የለም።

ግሪን የምንለው ኳሷ ወደ ጉድጓዷ የምትንከባለልበትን፣ ምንጣፍ የመሰለውን ቦታ ነው። የኛ ሣር ቤንትግራስ ነው፤ ቅዝቃዜ ይወዳል። በየማለዳው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ አስቀርተን እናጭደዋለን። ሰመር ሲገባ ከላይ አረንጓዴ መስሎ ከሥሩ ይጎዳል። ሐምሌ ላይ ጉድጓዱን ቦታ ስንቀይር የወጣውን አፈር በእጄ ፈረካክሼ አየሁት። ሚያዝያ ላይ ከጣቴ ይረዝም የነበረው ነጭ ሥር ቡናማ ሆኗል፤ ከጥፍሬ ብዙም አይበልጥም። ሆዴ ባባ። ያን ሰሞን ከሰዓት በኋላ ቱቦ ይዘን ቅጠሉን ብቻ እርስ እያደረግን ነው ያሳለፍነው። ውሃው ለማቀዝቀዝ እንጂ ለማጠጣት አይደለም። ከበዛ ሥሩ አየር ያጣል።

አሁን ሌሊቱ ቀዝቀዝ ብሏል። መሣሪያው ሣሩን እየበሳ ጣት የሚያክሉ የአፈር ቁራጮች ያወጣል። እነሱን በአካፋ እናነሳለን፣ አሸዋ እንበትናለን፣ ቀዳዳው እስኪሞላ በብሩሽ እንጎትታለን። በሰው እግርና በማጨጃ የተጠቀጠቀው መሬት ያኔ ይተነፍሳል።

ትናንት አንድ አዛውንት ተጫዋች መጥተው «ማማር ሲጀምር ምነው አበላሻችሁት?» አሉኝ። አልፈርድባቸውም፤ ኳሷ ትነጥራለች። ከወጡት ቁራጮች መርጬ አምና በአሸዋ የሞላነው ቀዳዳ ያለበትን አሳየኋቸው። ነጫጭ ሥሮች አሸዋውን ተከትለው ወርደዋል። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ብዙ አዩት። «እስከዚህ ድረስ?» አሉ።

ኅዳር ድረስ ብንቆይ ሣሩ ማደጉን ስለሚቀንስ ቀዳዳው ክፍቱን ይከርማል። አሁን ግን ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይበቃዋል። ለእንቁጣጣሽ አብዛኛው ይገጥማል።

4 ግሪን ይቀረናል። እርጥብ አሸዋ አይገባም፤ ነገ ባይዘንብ ደስ ይለኛል።