አውራ ጣታቸውን ይዤ ያስፈረምኳቸው እናት

ሰሞኑን ዋርዳችን አዲስ የነርሲንግ ተማሪዎች ለአታችመንት (ለተግባር ልምምድ) መጥተዋል፣ አንዷ ሻይ ስንጠጣ "ሲስተር ኤቲክሱን ግን እናንተ የት ነው የተማራችሁት?" አለችኝ። ክላስ ውስጥማ የሙያ ስነምግባር ተምረናል፣ ኦቶኖሚ (የታካሚን ውሳኔ ማክበር) ቤነፊሰንስ (መልካም ማድረግ) ነንማሌፊሰንስ (አለመጉዳት) ጀስቲስ (ፍትህ) ብለን ሸምድደን ተፈትነናል። ግን እሷ ስትጠይቀኝ ፊቴ ላይ ድቅን ያሉት አንዲት እናት ናቸው፣ ለሷ ዘርዝሬ አልነገርኳትም፣ እዚህ ልጻፈው።

ያኔ እኔም ተማሪ ነበርኩ። ድሬዳዋ ስላደግኩ ኦሮምኛ እንደ አማርኛዬ ነው የማወራው፣ እኛ ሰፈር ልጅ አማርኛ ኦሮምኛ ሶማልኛ እየሰማ ነው የሚያድገው። ሴትየዋ ከገጠር ነው የመጡት፣ ስኳር አለባቸው፣ የግራ እግራቸው ጣቶች ጠቁረው ጋንግሪኑ (የስጋው መሞት) ወደ ላይ እየወጣ ነበር፣ ትኩሳቱም አልወርድ ብሏል። ጠዋት አልጋቸውን ሳነጥፍ ስለ ፍየሎቻቸው ስለ ማሽላቸው ምናምን በኦሮምኛ ስናወራ ቆየን። ከዛ ዶክተሩ መጣና ለልጃቸው በአማርኛ አስረዳው፣ ኢንፌክሽኑ ደም ውስጥ ከተሰራጨ እንደሚገድላቸው፣ እግሩ ከጉልበት በታች መቆረጥ እንዳለበት፣ ሁሉንም በደንብ ነገረውና "በል አሁን ለእናትህ ንገራቸው" አለው። ልጁ ዞር ብሎ በኦሮምኛ "አዮ ቁስሉን በደንብ ያጥቡልሻል፣ ከዛ ወደ ቤታችን እንሄዳለን" አላቸው።

በቃ ይሄው ነው ያለው። "ሙሩ" የምትለዋ ቃል፣ መቁረጥ የምትለዋ፣ ከአፉ አልወጣችም። እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ዶክተሩ የተስማሙ መሰለው፣ ቀለም መጣ፣ አውራ ጣታቸውን ይዤ ፎርሙ ላይ ያሳረፍኩት እኔ ነኝ።

ሁሉንም ሰምቻለሁ። ለምን ዝም አልሽ ብትሉኝ፣ ተማሪ ነኝ፣ ዶክተሩ ቸኩሏል፣ ልጁ ደግሞ ልጃቸው ነው ከኔ በላይ ያውቃቸዋል አልኩ በልቤ። አንድ ደቂቃ እንኳን አይሆንም ያን ሁሉ ያሰብኩበት ጊዜ። እግራቸው ተቆረጠ፣ በማግስቱ አንሶላውን ገልጠው ሲያዩ ለልጃቸው ፊታቸውን አዞሩበት፣ እኔን ግን ትክ ብለው አይተው "አንቺ እኮ ቋንቋዬን ትሰሚያለሽ" አሉኝ። አልጮሁም፣ አልተሳደቡም።

ልጁን ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ አገኘሁት፣ "ቢሰሙ እምቢ ይላሉ፣ ቀብሬያቸው ልመለስ ነበር?" አለኝ። አቦ ለዚህ ምን ይባላል። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ምናልባትም እውነቱን ነው፣ ምናልባት እምቢ ይሉ ነበር። ግን እግሩ የሳቸው ነው፣ እምቢታውም የሳቸው ነበር፣ ከሳቸው ጋር ተነጋግረን ፈርተው ከሆነ አስረድተን ተለማምጠን ጎረቤትም ሽማግሌም ጠርተን ልናሳምናቸው እንችል ነበር፣ ያን እድል ነው የዘጋነው። ህጉም እኮ አለ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 ባለሙያ ያለ ታካሚው ፈቃድ ህክምና እንዳይሰጥ ደንግጓል፣ ፈቃድ ደግሞ ተነግሮት ገብቶት የሰጠው ነው እንጂ የጣት አሻራ አይደለም። የአለም አቀፉ የነርሶች ካውንስል መጀመሪያ በ1953 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያሻሻለው የስነምግባር ኮድም የነርስ ቀዳሚ ሀላፊነት የነርስ እንክብካቤ ለሚያስፈልገው ሰው ነው ይላል። አስታማሚውን አንርሳ፣ ዶክተሩንም እናክብር፣ ግን ቀዳሚው አልጋው ላይ ያለው ሰው ነው።

አንዳንዶች ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፣ እኛ አገር ክፉ ዜና ለታማሚ አይነገርም ይሉኛል። እኔ ግን መርዶን ነው የማስበው። መርዶ እኮ አንደብቅም፣ አነጋገሩን ነው የምናውቅበት፣ ማለዳ ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ጎኑ ቁጭ ብሎ። ስለዛ አሁን ከባድ ነገር ሲኖር ቆሜ አልናገርም፣ ወንበር ስቤ ቁጭ እላለሁ፣ የሚወዱት ሰው አጠገባቸው እንዲሆን አደርጋለሁ፣ መጀመሪያ ደግሞ "ስለ ህመምዎ ለርስዎ እንንገር ወይስ ለሌላ ሰው?" ብዬ እጠይቃለሁ። አንድ አባት "ለልጄ ንገሩት፣ እኔ ለአላህ ሰጥቼዋለሁ" አሉኝ፣ እንዳሉት አደረግን፣ ምክንያቱም እሱም የራሳቸው ውሳኔ ነው።

ታካሚው ያለውን ሁሉ ማድረግ ማለት ግን አይደለም፣ ይሄንን ያስተማረኝ ቺኩንጉንያ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በ2011 ክረምት ድሬ ውስጥ ያልታመመ ሰው ያለ አይመስልም ነበር፣ ውሃ በበርሜል የምናጠራቅምበት ከተማ ስለሆነ ትንኟ እዛው ቤታችን ነው የምትፈለፈለው። ሰዉ በመገጣጠሚያ ህመም እየተንከባለለ ይመጣና "ዲክሎፌናክ የሚሉትን ማስታገሻ ውጊኝ፣ መርፌ ካልወጋሽኝ አልሄድም" ይላል። ዴንጊ የሚባለው ሌላው የትንኝ በሽታም ደግሞ ከ2006 ጀምሮ ከተማችን ገብቷል፣ ትኩሳቱ ሲጀምር ሁለቱ ይመሳሰላሉ፣ ዴንጊ ከሆነ ዲክሎፌናክም አስፕሪንም ደም መፍሰስ ሊያባብስ ይችላል፣ ስለዚህ ዴንጊ አለመሆኑ እስኪታወቅ ፓራሲታሞልና ፈሳሽ ነው የምንሰጠው። ጎረቤቴ የሆኑ እናት ከልክላኛለች ብለው አኮረፉኝ። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ እኔም ጉልበቴ ያመኛል፣ ግን አሁንም በኦሮምኛ ለምን እንደሆነ ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው፣ ኩርፊያው እንዳለ ቢሆንም መርፌውን ሌላ ቦታ ሄደው አልተወጉም። እምቢ ስንልም ምክንያቱን መስማት መብታቸው ነው።

ሚስጥር መጠበቅ ላይ ብዙ አልልም፣ ድሬ ሁሉም ሰው ስለሚተዋወቅ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር "እከሌ ምን ሆኖ ነው የተኛው?" ተብዬ እጠየቃለሁ፣ መልሴ አንድ ነው፣ ራሱን ጠይቁት።

ለተማሪዎቹ የነገርኳቸው አንድ ነገር ነው፣ ቋንቋ የምታውቁ ልጆች ዶክተሩ ሲያስረዳ ከአልጋው አትራቁ፣ አስታማሚው ሲተረጉም ስሙ፣ ያልተባለ ነገር ካለ እዛው ተናገሩ፣ ተማሪ ነኝ አትበሉ።

ትናንት ከሰአት ያቺው የጠየቀችኝ ልጅ፣ ሶማልኛ ትችላለች፣ እየሮጠች መጣች። "ሲስተር አስር ቁጥር ያሉት እናት፣ ልጃቸው ማህጸናቸው እንደሚወጣ አልነገረቻቸውም" አለችኝ። ፎርሙ ተፈርሞ ቻርቱ ውስጥ ገብቷል፣ ዶክተሩ ግን ገና ከዋርዱ አልወጣም ነበር። ወንበር ያዢ አልኳትና ተያይዘን ወደ አስር ቁጥር ሄድን።